አዲስ መድኃኒት ለማግኘት ኮምፒዩተር ስለሚሰጠው እርዳታ

መድኃኒት እንደ ማናቸውም ሸቀጥ በመርከብና በአይሮፕላን ተጭኖ የሚመጣ፣ በካርቶን ተቆጥሮ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ሆኖም ከሌላው ሸቀጥ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ጨርቅ ወይም ምስማር ጥራቱ እስካልተጓደለ ድረስ ጥቅሙ አይቀንስም፤ አንቲባዮቲክ የተባለው መድኃኒት ግን ጥራቱ እንደ ተጠበቀ ሆኖ ፈዋሽነቱን ሊያጣ ይችላል። ይኸውም በሽታ አምጪዎቹ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እየተላመዱ ስለሚሄዱ ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. መድኃኒትን በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መሞታቸው ተገምቷል።

ስለዚህ አሮጌውን የሚተካ አዲስ መድኃኒት ዘወትር ያስፈልጋል። ፍለጋው ግን ብዙ ዘመንና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ሊቃውንት ማሽን ለርኒንግ በተባለው ዘዴ መጠቀም ጀምረዋል፤ ትርጉሙም ኮምፒዩተር ከብዙ ምሳሌ እንዲማር ማድረግ ማለት ነው። ብዙ ናሙና የቀመሰ የቡና ቀማሽ አዲስ ናሙና ሲቀርብለት ደረጃውን ለመገመት እንደሚችል ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩም የብዙ ውሑዶችን ቅርጽና ከዚህ በፊት ያሳዩትን ውጤት አስተያይቶ ያልተሞከረው ምን ሊሠራ እንደሚችል ይገምታል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጄምስ ኮሊንስ፣ ሬጂና ባርዚላይና ባልደረቦቻቸው በ2020 ዓ.ም. የገለጹት ሥራ ነው። በመጀመሪያ 2,335 ውሑዶች ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ላይ ተሞክረው ውጤቱ ለኮምፒዩተሩ ተሰጠው። ቀጥሎም 6,000 ያህል ሌሎች ውሑዶችን እንዲመረምር ቢደረግ፣ አስቀድሞ ለስኳር በሽታ ይሆናል ተብሎ የተጠናውን አንዱን መረጠ። ይህም ሃሊሲን ተባለ። ማናቸውም የታወቀ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ባክቴሪያ በያዛቸው አይጦች ላይ በቅባት መልክ ሲሞከር በ24 ሰዓት ውስጥ በሽታውን አጠፋ። ደግሞም ባክቴሪያው በመድኃኒት ነጋዴ ዘንድ የታወቀውን ሲፕሮፍሎክሳሲን በ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ መላመድ ሲጀምር፣ ሃሊሲንን ግን በ30 ቀን ሙከራ አልተላመደውም።

ከዚያም ኮምፒዩተሩ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ውሑዶችን በ3 ቀን መረመረ። ከእነዚህ 23 ተመርጠው በላቦራቶሪ ቢፈተኑ የሠሩት 8 ብቻ ናቸው። እንግዲህ የኮምፒዩተሩ ቃል ግምት እንጂ ማረጋገጫ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። መድኃኒቱ ለሰው የማይጎዳ መሆኑ የሚታወቀው ደረጃ በደረጃ በሰው ላይ በሚደረግ ሙከራ ነው፤ ይህም ዓመታትን ይወስዳል። ሃሊሲንም ቢሆን ለሽያጭ የተፈቀደ መድኃኒት አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የንግድ ነው። አዲስ አንቲባዮቲክ ሌላው ሁሉ እንቢ ሲል ብቻ እንዲሰጥ ስለሚቆጠብ ሽያጩ አነስተኛ ነው። አካኦጀን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፕላዞሚሲን የተሰኘውን አንቲባዮቲክ በ2018 ዓ.ም. አስፈቅዶ፣ በተከታዩ ዓመት ለኪሳራ ተዳርጓል። በዚህም ምክንያት እንግሊዝ በ2022 ዓ.ም. ለሁለት አንቲባዮቲኮች እንደ ሽያጫቸው ብዛት ሳይሆን በየዓመቱ ቁርጥ ዋጋ ለመክፈል ወስናለች። ኮምፒዩተር የፍለጋውን ድካም ቢያቀልም፣ የገበያውን ጥያቄ የሚመልሰው እንዲህ ያለው ውል ነው።

ለአስመጪና ለባለ መደብር ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ «በኮምፒዩተር የተገኘ» የሚል ማስታወቂያ የጥራት ምስክር አይደለም፤ ምስክሩ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ምዝገባ ነው። ሁለተኛ፣ አንቲባዮቲክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ ባክቴሪያውን መድኃኒቱን ማላመድ ነው። ዛሬ በችርቻሮ የተገኘው ጥቂት ትርፍ ነገ በመደርደሪያው ላይ የቀረውን መድኃኒት ዋጋ ቢስ ያደርገዋል፤ የሚተካውም አዲስ መድኃኒት፣ ኮምፒዩተሩ ቢፈጥንም፣ ከገበያ የሚደርሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።