የማሰቢያ ጊዜ ማጠርና የኑክሌር ጦር መሣሪያ

የኑክሌር ጦር መሣሪያ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ቦምቡ ኃይልና ብዛት ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ግን ከዚህ ባላነሰ የሚያሰጋውን ሌላ ነገር፥ ይኸውም መሪዎች ለማሰብ የሚተርፋቸውን ጊዜ ነው። ዘመኖቹን የጠቀስነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከአንዱ ክፍለ ዓለም ወደ ሌላው የሚወረወር ሚሳይል ከሩሲያ አሜሪካ ለመድረስ 30 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ በቅርብ የተተኰሰ እንደ ሆነ ጊዜው ከዚህም ያጥራል። መተኰሱን ለማወቅ፥ ወሬውን ለማጣራትና ለመሪው ለማስታወቅ የሚያልፈው ሲቀነስ፥ ለውሳኔ የሚቀረው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ኃያላን መንግሥታት ሳይተላለቁ የኖሩት፥ አንዱ ቢመታ ሌላው አጸፋውን እንደሚመልስ ስለሚያውቅ ነው ይባላል። ነገር ግን ይህ መፈራራት ሰላምን የሚጠብቀው የማስጠንቀቂያው መሣሪያ እውነቱን ሲናገር፥ ሰውም ለማመዛዘን ጊዜ ሲያገኝ ነው።

መሣሪያው ሊሳሳት እንደሚችል ታሪክ ይመሰክራል። ኖቬምበር 9 ቀን 1979 በአሜሪካ የአየር መከላከያ ማዕከል፥ ለልምምድ የተዘጋጀ የጦርነት ምሳሌ ወደ እውነተኛው ኮምፒዩተር ገብቶ የሶቪየት ሚሳይሎች እየመጡ ነው የሚል ምልክት ታየ። ሳተላይቶቹና ራዳሮቹ ሲመረመሩ ግን ምንም እንዳልነበረ ታወቀ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 ደግሞ የሶቪየት የማስጠንቀቂያ ሳተላይት አምስት ሚሳይሎች ከአሜሪካ እንደ ተተኰሱ አመለከተ። ተረኛው ሌተና ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ፥ ጦርነት የሚከፍት ጠላት በአምስት ሚሳይል ብቻ አይጀምርም፥ የምድር ራዳርም አላረጋገጠም ብለው፥ ማስጠንቀቂያው ሐሰት ነው ሲሉ ለአለቆቻቸው አስታወቁ። በኋላ እንደ ታወቀውም ሳተላይቱን ያሳሳተው ከደመና ላይ የተንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ነበር። በሁለቱም ጊዜ ያዳነው ነገር አንድ ነው፤ ለማጣራት የበቃ ጥቂት ደቂቃ።

እንግዲህ አዲሶቹ የቴክኒክ ግኝቶች ይህን ጊዜ እንዴት እንደሚነኩት በሦስት ከፍለን እንመልከት።

አንደኛ፥ ሃይፐርሶኒክ የሚባለው ተንሸራታች መሣሪያ ነው። ከድምፅ ከአምስት እጥፍ በላይ ቢፈጥንም አዲስነቱ በፍጥነቱ አይደለም፤ የቀድሞውም ሚሳይል ፈጣን ነው። አዲሱ ነገር ዝቅ ብሎ መብረሩና መንገዱን መለዋወጡ ነው። ስለዚህ የምድር ራዳር ዘግይቶ ያየዋል፤ የት እንደሚወድቅም አስቀድሞ ለማወቅ ያስቸግራል። ሩሲያ አቫንጋርድ የተባለውን በ2019 ለሠራዊቷ ማስታጠቋን አስታውቃለች።

ሁለተኛ፥ የሳይበር ጥቃት ነው። ጠላት ወደ ማስጠንቀቂያው ኮምፒዩተር ሠርጎ ሊገባ የሚችል ከሆነ፥ የታየው ምልክት እውነት ይሁን ሐሰት፥ ዝምታውም ሰላም ይሁን መታፈን መለየት ይቸግራል። ጥቃቱ ባይደርስ እንኳ ጥርጣሬው ብቻ ያስቸኩላል።

ሦስተኛ፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ከየሳተላይቱ የሚመጣውን ወሬ በቶሎ በመለየት ለሰው ጊዜ ሊያተርፍ እንደሚችል አንክድም። ነገር ግን ይህ መሣሪያ የሚማረው ካለፈው ምሳሌ ነው፤ በሁለት ኃያላን መካከል ለሚደረግ የኑክሌር ጦርነት ደግሞ ያለፈ ምሳሌ የለም። ከዚህም በላይ የተጣደፈ ሰው የመኪናውን ቃል ሳይመረምር ይቀበላል። በ1983 ኮምፒዩተሩ የሰጠው ማስጠንቀቂያ እርግጠኛ ነኝ የሚል ነበር፤ የተጠራጠረው ሰው ነው።

መፍትሔውም በመሣሪያ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከኩባው ቀውስ በኋላ በ1963 በዋሺንግተንና በሞስኮ መካከል ቀጥታ የመገናኛ መሥመር ተዘረጋ፤ በ1988 ሁለቱ መንግሥታት የሚሳይል ሙከራቸውን አስቀድመው ለመነጋገር ተስማሙ። በኖቬምበር 2024 የአሜሪካና የቻይና መሪዎች ሊማ ላይ ተገናኝተው፥ በኑክሌር መሣሪያ የመጠቀም ውሳኔ በሰው ቍጥጥር ሥር መቈየት እንዳለበት አረጋግጠዋል። ይህ ቃል የሚመረመርበት ደንብ ካልተጨመረለት ግን ከቃልነት አያልፍም።

ጕዳዩ መሣሪያው የሌላቸውንም አገሮች ይመለከታል። ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር ባቀረበችው ሐሳብ፥ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1961 በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር እንደሚቃረን ማወጁን ማስታወስ ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከፈሰሰ የሚለቀም አይኖርም። ስለዚህ ማናቸውም አዲስ መሣሪያ ሲቀርብ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ለሰው የማሰቢያ ጊዜ ይጨምርለታል ወይስ ይቀንስበታል የሚለው ነው እንላለን።