ስምህን በስንት ሸጥኸው?

በበዓል ሰሞን ከቤቱ የወጣ ሰው ዓይኑን ወደ የትም ቢያዞር «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጽሑፍ ሳያይ አያልፍም። ሱቁም፣ ባዛሩም፣ የእጅ ስልኩም ሳይቀር «ዛሬ ካልገዛህ ነገ ትጸጸታለህ» እያለ ይጎተጉተዋል። ተማሪውና ወጣቱ ደመወዝተኛ በዚህ ቢደሰቱ አልፈርድባቸውም፤ ከሺህ ብር ላይ ሁለት መቶ ማትረፍ ለእኛ ዓይነቱ ኪስ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን በዋጋው ላይ የቀነሱልንን በሌላ መንገድ መልሰው ይወስዱብን እንደ ሆነ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤቴ ነው። ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሰሞን እናቴን ይዤ ወደ አንድ ባዛር ሄጄ ነበር። ስንወጣ አንዲት ትሑት ወጣት የዕጣ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ዕጣው ማቀዝቀዣ ነው። ወረቀቱ ሙሉ ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የመኖሪያ ሠፈር፣ የሥራ ዓይነትና የመታወቂያ ቁጥር ይጠይቃል። እኔም «የእናቴ ዕድል ከእኔ ዕድል ይሻላል» ብዬ ሁሉንም በእርሷ ስም፣ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት ሞላሁት። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁትን ሁሉ ያን ጊዜ የት ጥዬው እንደ ነበር አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የእናቴ ስልክ ጮኸ። ደዋዩ በሙሉ ስሟ ጠራት፤ ሠፈሯን ነገራት፤ የመታወቂያዋንም ቁጥር አንድ በአንድ አነበበላት። «እናቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! የባዛሩ ማቀዝቀዣ ለእርስዎ ወጥቷል፤ አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላት። አነበበችለት። ቀጥሎ የሚስጥር ቁጥሯን ጠየቃት፤ እርሱንም ነገረችው። ማታ ከሥራ ስመለስ በስልኳ ሒሳብ ውስጥ ከነበረው 14,600 ብር የቀረው 35 ብር ብቻ ነበር። ያውም ገንዘቡ የሠፈሩ ሴቶች ዕቁብ እንጂ የእርሷ አልነበረም፤ ሰብሳቢዋ እርሷ ናት።

«ስሜን እያወቀ እንዴት ሌባ ነው ልበል?» አለችኝ።

ምን ልመልስላት? ስሟን የሰጠሁት እኔ ነኛ! ዕዳውን ከደመወዜ እየቈረጥሁ በአምስት ወር ከፈልሁ፤ የእናቴን አንገት መድፋት ግን በገንዘብ መክፈል አልቻልሁም።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ልብ ብለህ ተመልከተው። ሌባው በር አልሰበረም፤ መሣሪያም አልያዘም። የያዘው በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቃል ነው። ስም ለብቻው፣ ሠፈርም ለብቻው ሲታይ ምንም አይደለም፤ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ግን የሰውን እምነት የሚከፍት ቁልፍ ይሆናሉ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደ ተባለው፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ መረጃ ተመልሶ አይሰበሰብም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ ከምስጋና ቀን ማግሥት ያለው ዓርብ «ብላክ ፍራይዴይ» የተባለ ትልቅ የቅናሽ ቀን ነው። በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2013) ታርጌት በተባለው የመደብሮች ድርጅት ላይ ሌቦች የዘመቱት ልክ በዚያ ሰሞን ነበር። ከኅዳር 18 እስከ ታኅሣሥ 6 ቀን ድረስ ከመክፈያ መሣሪያዎቹ ላይ የ40 ሚሊዮን ያህል ካርዶችን ቁጥር ለቀሙ፤ እስከ 70 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ስም፣ አድራሻና ስልክም ተወሰደ። በር የሆናቸው ለድርጅቱ የማቀዝቀዣ ሥራ ይሠራ የነበረ የአንድ ተቋራጭ የይለፍ ቃል ነው። እዚያም ማቀዝቀዣ፣ እዚህም ማቀዝቀዣ! ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ለ47 ክፍላተ ሀገርና ለዋና ከተማዪቱ 18.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ከዚህ የምንማረው፣ መረጃችንን የምንሰጠው ሐቀኛ ነጋዴ እንኳ ሊሰረቅ እንደሚችል ነው። ያልሰጠነውን ግን ማንም ከእርሱ ሊሰርቅብን አይችልም።

ሕግ የለም እንዳይባል በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማና ለዚያ ዓላማ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል፤ ባለቤቱም ስለ እርሱ የተያዘውን የመጠየቅና የማስታረም መብት አለው። እንግዲህ ማቀዝቀዣ በዕጣ ለማውጣት የመታወቂያ ቁጥር ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ብልግና አይደለም፤ መብት ነው።

ስለዚህ ዕቃ በቴሌግራም ስትገዛ የመታወቂያህን ፎቶግራፍ አትላክ፤ ስልክህና የምትረከብበት ቦታ ይበቃል። በመልእክት የመጣልህን ቁጥርና የሚስጥር ቁጥርህን፣ ደዋዩ ስምህን ከነአያትህ ቢጠራም፣ አትንገር። «ዛሬ ብቻ» እያለ ከሚያጣድፍ ማስታወቂያ ጋር የተላከ መግቢያ ሲመጣ ከመንካትህ በፊት ሱቁን ራስህ ፈልገህ አረጋግጥ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ!

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም አንድ ነገር እናስብ። በየጠረጴዛችን ላይ የተከመረው ፎርም፣ ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ ገልጠን ትተነው የምንሄደው፣ የአንድ ሰው እናት ስም ያለበት ነው። ሌላው ስማችንን እንዲጠብቅልን የምንሻ ከሆነ እኛም የሌላውን መጠበቅ አለብን።

ዘንድሮ እናቴን እንደገና ባዛር ወሰድኋት። በሩ ላይ የዕጣ ወረቀት ሲዘረጉላት ፈገግ ብላ፣ «ተዪው ልጄ፣ ማቀዝቀዣ አለኝ» ብላ መለሰችው።

እውነቱን ለመናገር በቤታችን ማቀዝቀዣ የለም።