ዘሩ ምንድን ነው?

ጥቅምት ላይ በካቺሲ ዙሪያ ስንዴው ማሸት ሲጀምር የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያው ስልክ ዕረፍት የለውም። ማሳ ገብቶ አገዳውን በአውራ ጣቱ ጠረግ ሲያደርገው የሸክላ ቀለም ያለው ብናኝ እጁ ላይ ቀረ፤ የግንድ ዋግ ነው። ድንበሩ ላይ የቆሙት አዛውንት ገበሬ ሐሳባቸው ከወዲያኛው ማሳ ነበር።

«ስንዴውስ ሄደ ልጄ። ጤፌን እንዳይነካብኝ?»

«አይነካውም አባቴ።»

ጤፍ የራሱ ዋግ አለው፤ ፈንገሱ ግን ሌላ ነው። የስዊድኑ ተመራማሪ ያኮብ ኤሪክሰን በ1894 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በመልክ አንድ የሚመስለው የግንድ ዋግ እንኳ ውስጡ የተለያየ ነው፤ የአጃው ስንዴ ላይ አይበረታም፣ የስንዴውም አጃ ላይ። ገብስ ግን ከስንዴው ዋግ አያመልጥም።

የዋጉ ምርጫ በዚህ አያበቃም፤ ከስንዴም ስንዴ ይለያል። ዋግ የሚኖረው ሕይወት ባለው ተክል ውስጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተክሉን ሳይገድል ማዘናጋት አለበት። ዘበኛ የሆነ ዘረ መል ያለው ስንዴ ሰርጎ ገቡን ሲለይ ዙሪያውን ያሉትን የራሱን ሕዋሳት ይገድላል፣ ዋጉም ተርቦ ይሞታል። ዋጉ መታወቂያውን ከለወጠ ግን ያ ዘበኛ አያየውም።

ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ የደረሰበት ይኸው ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ ቁብሳ የተባለውን ዝርያ ሲያወድመው፣ ዲጋሉ ቢጫ ዋግንም ከኡጋንዳ የተነሣውን የግንድ ዋግ ዘር ዩጂ 99ንም ስለተቋቋመ ገበሬው በሰፊው ዘራው። በ2013 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ቲኬቲቲኤፍ የተባለ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር መጣና በባሌና በአርሲ ማሳውን አደረቀው። አንድ ዝርያ ያን ያህል መሬት መሸፈኑ ለዋጉ የተነጠፈ ድግስ ነበር። ከ350 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶች ላይ የተመዘገበው የአሜሪካ መጤ ተምች እንዲህ አይመርጥም፤ የዋግ ጉልበት ግን በመምረጡ ላይ ነው።

ባለሙያው የታመመውን አገዳ ቆርጦ በወረቀት ፖስታ ይከታል፤ በፕላስቲክ ከሆነ ይሻግታል። ናሙናው አምቦ ምርምር ማዕከል ሲደርስ ብናኙ ልዩ ልዩ ዘበኛ ዘረ መል በያዙ 20 የስንዴ መስመሮች ቡቃያ ላይ ይነፋል፤ የትኞቹ እንደታመሙ ታይቶ የዋጉ ዘር ስም ይወጣለታል።

ፖስታው ላይ ቀበሌውንና ቀኑን ጻፈ።

«አባቴ፣ ዘሩ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ ልጄ፤ ከጎረቤት በጤፍ የለወጥኩት ነው።»

የዝርያው ስም ቦታ ባዶውን ቀረ።