ከርነሉን ከመበርበር ከርነሉን ወደ መጠየቅ

ፒኤስ የሚባለው ትእዛዝ በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ ላይ የትኞቹ ፕሮግራሞች እየሠሩ እንደሆነ ይናገራል። የእያንዳንዱን መለያ ቁጥር፣ ያስነሣውን ሰው፣ እየሠራ ይሁን ተኝቶ ይዘረዝራል። ሊኑክስ የነካ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህን ሁሉ ከየት አምጥቶ እንደሚናገር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ የስርዓተ ክወናን ውስጥ በሲ ቋንቋ ለመጎብኘት ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም።

መረጃው የሚገኘው የስርዓተ ክወናው እምብርት በሆነው በከርነሉ ሜሞሪ ውስጥ ነው። አንድ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ፕሮሰስ ይሆናል፤ ከርነሉም በስሙ መዝገብ ይከፍታል። መዝገቡ በሲ «ስትራክት» የምንለው ዓይነት ሲሆን የፕሮሰሱ ሁኔታ፣ ወላጁና የተጠቀመው ጊዜ ይሰፍሩበታል። ተራ ፕሮግራም ወደዚህ የሜሞሪ ክፍል እንዳይደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱ ያግደዋል።

የ1970ዎቹ ዩኒክስ ታዲያ ልዩ ቀዳዳ ነበረው፤ የከርነሉን ሜሞሪ እንደ ፋይል የሚያቀርበው «/ዴቭ/ኬሜም»። የዘመኑ ፒኤስ መጀመሪያ «ኤንሊስት» በሚባለው ፈንክሽን የከርነሉን ፋይል ከፍቶ የፕሮሰሶቹ ሰንጠረዥ በየትኛው አድራሻ እንደተቀመጠ ይፈልጋል። ከዚያ «ኬሜም»ን ከፍቶ፣ በ«ኤልሲክ» እዚያ አድራሻ ላይ ደርሶ፣ በ«ሪድ» ባይቶቹን እንዳሉ ይቀዳል። የተቀዳውንም ከርነሉ ሲሠራ በተጠቀመበት በዚያው የስትራክት ቅርጽ ያነበዋል።

አጭር ዘዴ ነው፤ ጣጣው ግን ብዙ ነበር። ስትራክቱ ላይ አንዲት መስክ ብትጨመር ከእርሷ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል፤ ፒኤስም እንደገና ካልተጠናቀረ የማይረባ ቁጥር ያትማል። ንባቡ በሚካሄድበት ጊዜ ከርነሉ ሥራውን ስለማያቆም፣ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ መዝገብ ሊቀዳ ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ «ኬሜም»ን የሚያነብ የሌላውን ሰው የይለፍ ቃል ጭምር ከሜሞሪ ማግኘት መቻሉ ነው። ስለዚህ ፒኤስ ልዩ ፈቃድ ይሰጠው ነበር፤ በእርሱ ውስጥ ያለች ትንሽ ስሕተት ግን ፈቃዱን ለሌላ ታስተላልፋለች። በኋላ በሰንኦኤስና በቢኤስዲ የመጣው የኬቪኤም ላይብረሪ ይህን ንባብ በጥቂት ፈንክሽኖች ሸፈነው፤ ፕሮግራመሩን አሳርፎታል፤ ከሥሩ ያለውን ችግር ግን አልፈታም።

መላው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የቤል ላቦራቶሪ ባልደረባ ቶም ኪሊያን እያንዳንዱ ፕሮሰስ «/ፕሮክ» በሚባል ማውጫ ውስጥ እንደ ፋይል እንዲታይ አደረገ። ሊኑክስ ሐሳቡን ተቀብሎ ሰፊ አድርጎታል። በ«/ፕሮክ» ሥር በፕሮሰሱ ቁጥር የተሰየመ ማውጫ አለ፤ በውስጡም «ስታት» የሚባል ፋይል። ፋይሉ ዲስክ ላይ የለም፤ አንባቢው ሲያነበው ከርነሉ ራሱ መዝገቡን አይቶ መልሱን በጽሑፍ ይጽፋል። በሲ ለማንበብ «ኤፍኦፕን» ይበቃል። የሜሞሪ አድራሻ መፈለግ ቀርቷል፤ ስትራክቱ ቢቀየርም የጽሑፉ ቅደም ተከተል ይጠበቃል።

ጽሑፉን መበተን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ የፕሮሰሱ ቁጥር፣ ቀጥሎ በቅንፍ የተዘጋ ስም፣ ከዚያ የሁኔታው ፊደል ይመጣል። ጎንደር ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር የጃናሞራ ልጅ ፕሮግራሙን በከተማው ስም «መካነ ብርሃን» ብሎ ሰየመው እንበል። ስሙ መሐል ላይ ክፍት ቦታ አለ፤ ስምን እስከ ክፍት ቦታ ብቻ የሚያነብ ኮድ «መካነ» ላይ ያቆምና የ«ብ»ን የመጀመሪያ ባይት የፕሮሰሱ ሁኔታ አድርጎ ይወስዳል። ትክክለኛው መንገድ የመጨረሻውን መዝጊያ ቅንፍ ፈልጎ ከእርሱ በኋላ መቁጠር ነው።

ሌላም አለ። ሊኑክስ ለዚህ ስም የሚይዘው ቦታ 15 ባይት ነው። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ «መካነ ብርሃን» ከክፍት ቦታው ጋር 22 ባይት ይሆናል። ከርነሉ ፊደል አይቆጥርም፤ ባይት ቆጥሮ ይቆርጣል። ስለዚህ «መካነ ብ» ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ከ«ር» ግን ሁለት ባይት ብቻ ይተርፋል፤ እርሱም የትኛውም ፊደል አይደለም። በላቲን ፊደል ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን ችግር ዕድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል። የእኛ ተማሪ ግን በመጀመሪያው ሙከራ ያገኘዋል፤ ጽሑፍና ባይት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም በዚያው ይረዳል።

የቀረው ቀላል ነው። 14ኛውና 15ኛው መስክ ፕሮሰሱ የተጠቀመው የፕሮሰሰር ጊዜ ነው፤ በሰከንድ ስላልተጻፈ «ሲስኮንፍ» በሚሰጠው ቁጥር ይካፈላል። ማውጫው ሲነበብ የነበረ ፕሮሰስ ፋይሉ እስኪከፈት ሊሞት ስለሚችል፣ ጥሩ ፕሮግራም ያንን አልፎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የማኑዋሉ ገጽ ማሽኑ ላይ ከተጫነ ኔትወርክ በሌለበትም ቁጭ ብሎ መሥራት ይቻላል።

ሊኑክስ «/ዴቭ/ኬሜም»ን እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 5.13 ሥሪት ጨርሶ አስወገደው። ሜሞሪን በቀጥታ የማንበብ ጥበብ ግን አልጠፋም። ከርነሉ ራሱ ሲወድቅ መልስ የሚሰጥ የለም፤ የሚቀረው በወደቀበት ቅጽበት ዲስክ ላይ የተገለበጠው ሜሞሪ ብቻ ነው። «ክራሽ» የተባለው መሣሪያ ያን ቅጂ ከፍቶ፣ አድራሻ ፈልጎ፣ ስትራክቶቹን አንድ በአንድ ያነባል። ፕሮሰሶቹን የሚዘረዝርበት ትእዛዝም ፒኤስ ይባላል።