ሁዳዴ የሚገባበትን ቀን የያዘው 7519

ፎገራ ላይ የምትታለብ ላም ላለው ቤት «ሁዳዴ መቼ ይገባል?» የሚለው ጥያቄ የነፍስ ብቻ ሳይሆን የጓዳም ነው። ፆሙ ሲገባ ወተት ፈላጊው ይሳሳል፤ የታለበው ተጠራቅሞ ለቅቤ ይናጣል። በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 9 ገባ። በ2019 ግን የሚገባው የካቲት 29 ነው። ሃያ ቀን ለወረታ ወተት ሻጭ ቀላል አይደለም።

አያቶች ይህን የሚያወጡት በባሕረ ሐሳብ፣ ከአንድ ትልቅ ቁጥር ነው። 5500 ዓመተ ፍዳ ላይ 2019 ሲደመር 7519 ይሆናል። እኔ በልጅነቴ ከአያቴ ጎን ሆኜ ስሰማው ጸሎት ይመስለኝ ነበር እንጂ ማካፈል መሆኑን አላወቅሁም።

እስቲ ልጅዎን ደብተር ያስይዙት። ልጆች ሲያካፍሉ ቀሪ ከመጣ የተሳሳቱ ይመስላቸዋል። እዚህ ግን ዋናው ነገር ቀሪው ነው።

7519 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 3 ይቀራል። 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ዘመኑ ሉቃስ፣ ጳጉሜንም 6 ቀን ናት። 1879ኙን እንዳይጥለው፤ መጠነ ራብዒት ይባላል። ከ7519 ጋር ተደምሮ 9398 ይሆናል። ይህ ለ7 ሲካፈል 4 ይቀራል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ሲቆጠር አራተኛው ዓርብ ነው። መስከረም 1 ዓርብ ይውላል ማለት ነው።

አሁን 7519ን ለ19 ያካፍል። 14 ይቀራል፤ የተያዘው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ አንዱ ይቀነስና 13 ወንበር ይሆናል። 13 በ19 ሲባዛ 247፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ የሚተርፈው 7 መጥቅዕ ነው። ከ14 ስለሚያንስ ጥቅምት 7 ይውላል፤ ዕለቱም ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ሲጨመር 15፣ መባጃ ሐመር ይሆናል። ነነዌ የካቲት 15 ገባች ማለት ነው። 15 ላይ 14 ሲጨመር ሁዳዴ የካቲት 29፣ 9 ሲጨመር ደግሞ ፋሲካ ሚያዝያ 24።

19 ከየት መጣ? በዚህ ቆጠራ ጨረቃ በ19 ዓመት ወደ ጀመረችበት ትመለሳለች። ሰባቱ ዕለታትና አራቱ ወንጌላውያን ደግሞ በ28 ዓመት ይገጥማሉ። 19 እና 28 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሁለቱ ዙሮች አብረው የሚያልቁት በ532 ዓመት ነው፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው ይህ ነው። ጎንደር ገና ሳትቆረቆር፣ በ1487 ዓ.ም.፣ መስከረም 1 ዓርብ፣ ፋሲካም ሚያዝያ 24 ነበር።

7520ን ልጁ ብቻውን ይሞክር። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ ነነዌም ወደ ጥር ትመለሳለች። የሐሙስ ተውሳክ 3 ነው፤ ከ30 ያለፈው ወደ ቀጣዩ ወር ይሻገራል። ሁዳዴ የካቲት 13 ካልወጣለት ለ19 ያካፈለውን እንደገና ይየው።