«ማን ይተካው?» ከማለታችን በፊት

ማርች 18 ቀን 2017 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አርሰናል ከዌስት ብሮም ጋር እየተጫወተ ሳለ ሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖች ከስታዲየሙ በላይ ጨርቅ እየጎተቱ በረሩ። የአንደኛው ጨርቅ ለአርሰናል አሰልጣኝ ለአርሰን ቬንገር አዲስ ውል እንዳይሰጣቸው፣ እንዲያውም እንዲለቁ ይጠይቃል። የሌላኛው ደግሞ በቬንገር እንደሚያምንና ክብር እንደሚገባቸው ይናገራል። ከላይ የሚሟገቱት የአንድ ክለብ ደጋፊዎች ናቸው። ከታች አርሰናል 3 ለ 1 ተሸነፈ።

በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ጨዋታ ያየ ሰው ይህን ክፍፍል ያውቀዋል። አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ከተቀመጡ ሁለት የአርሰናል ደጋፊዎች አንዱ «ኧረ ይብቃው ሰውየው!» ሲል፣ ሌላው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎ ይመልሳል። «እሺ ይውጣ፤ ማን ይተካው?» የሚለው ይከተላል። ከዚያ ስም ይደረደራል፦ አሌግሪ፣ አንቼሎቲ፣ ቪየራ፣ አርቴታ። ጨዋታው አልቆ ቤቱ ሊዘጋ ሲል እንኳ ክርክሩ አያልቅም።

የማያልቀው ከስም ስለሚጀምር ነው። ከስም በፊት የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። ሦስት ትልልቅ የእንግሊዝ ክለቦች ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጡት መልስ የተለያየ ነበር፤ የደረሰባቸውም እንዲሁ።

የተለቀቀው ሥራ ስንት ነው?

ብዙ ዘመን የቆየ አሰልጣኝ ልምምድ ከማሠራትና አሰላለፍ ከማውጣት ያለፈ ሥራ በእጁ ይከማቻል። ቬንገር በኦክቶበር 1996 ከጃፓኑ ናጎያ ግራምፐስ ሲመጡ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ሰው አያውቃቸውም ነበር። ወደ 22 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ 1,235 ጨዋታ መሩ፤ 3 የሊግና 7 የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫ አነሱ፤ በ2003/04 ደግሞ 38ቱንም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፉ ጨረሱ። ከዚህ ጎን ለጎን የተጫዋቾቹን አመጋገብ ለወጡ፤ አዲሱ የልምምድ ማዕከል ሲሠራ እጃቸውን አስገቡ፤ ማን ይገዛ፣ ማን ይሸጥ በሚለው ላይም ቃላቸው ከባድ ነበር። ክለቡ በ2006 ወደ ኤምሬትስ ስታዲየም ተዛውሮ ዕዳ ሲከፍል፣ ኮከቦቹን እየሸጡም ቢሆን ቡድኑን ከሻምፒዮንስ ሊግ አላስወጡትም። እንዲህ ያለ ሰው ሲሄድ አራት አምስት ሥራ ባንድ ቀን ባዶ ይቀራል።

ማንቸስተር ዩናይትድ ይህን የተማረው በ2013 ነው። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ከ26 ዓመት በላይ ቆይተው፣ ከክለቡ ጋር 13ኛ የሊግ ዋንጫቸውን በ11 ነጥብ ልዩነት አግኝተው፣ ሜይ 8 ቀን ጡረታ እንደሚወጡ አስታወቁ። በማግስቱ ዴቪድ ሞይስ የ6 ዓመት ውል ተሰጥቷቸው ተሾሙ። ያጯቸው ራሳቸው ፈርጉሰን ነበሩ። ነገር ግን በዚያው ክረምት ዝውውሩን ይመሩ የነበሩት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ጊልም ለቀቁ። የፈርጉሰን ረዳቶች ወጡ፤ ሞይስም የራሳቸውን ሰዎች ከኤቨርተን አመጡ። ገበያውን የሚያውቀውም፣ ልምምዱን የሚያውቀውም ባንድ ክረምት ተነቀለ። ቡድኑ ደግሞ አርጅቶ ነበር፤ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል የመጣው ትልቅ ፈራሚ ግን ማሩዋን ፌላይኒ ብቻ ነው። ሞይስ አንድ የውድድር ዘመን ሳይሞላቸው ኤፕሪል 2014 ተሰናበቱ። የአምናው ሻምፒዮን 7ኛ ሆኖ ጨረሰ።

መራጩስ ማን ነው?

አርሰናል ሥራውን ቀድሞ ለመከፋፈል ሞክሯል። ቬንገር ከመሄዳቸው በፊት ዋና ሥራ አስፈጻሚው ኢቫን ጋዚዲስ ተጫዋች መልማዩን ስቬን ሚስሊንታትን ከዶርትሙንድ፣ ራውል ሳንዬሂን ደግሞ ከባርሴሎና አመጡ። ሜይ 2018 ኡናይ ኤምሪ ሲሾሙም የወንበሩ ስም ተለወጠ፤ ቬንገር «ማናጀር» ነበሩ፣ ኤምሪ «ዋና አሰልጣኝ» ሆኑ። እኛ ሁለቱንም «አሰልጣኝ» ስለምንል ልዩነቱ ያመልጠናል። በእንግሊዝ ልማድ ማናጀር በግዢና ሽያጭ ላይም ትልቅ ድምፅ አለው፤ ዋና አሰልጣኝ ግን ሌሎች በሰበሰቡለት ተጫዋች ነው የሚሠራው።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ኤምሪ ከሴቪያ ጋር ዩሮፓ ሊግን 3 ጊዜ በተከታታይ የወሰዱ ሰው ናቸው፤ በመጀመሪያው ዓመታቸውም 22 ጨዋታ ሳይሸነፉ ተጉዘዋል። ይሁን እንጂ ጋዚዲስ በዚያው ዓመት ወደ ኤሲ ሚላን ሄዱ፤ ሚስሊንታትም በ2019 መጀመሪያ ለቀቁ። ኤምሪን ከመረጡት ሰዎች ሁለቱ ኤምሪን ትተው ሄዱ ማለት ነው። ኖቬምበር 2019 እሳቸውም ተሰናበቱ። በ2021 ቪያሪያልን ይዘው ዩሮፓ ሊግን እንደገና ሲያነሱ፣ በግማሽ ፍጻሜ የጣሉት አርሰናልን ነበር። ሰውየው ሥራውን ያውቁታል፤ የተቀመጡበት ወንበር ግን እግሮቹ ተነቅለው ነበር።

በዲሴምበር 2019 የመጡት ሚኬል አርቴታ በ2018ም ስማቸው ከሁሉ ጎልቶ ይነሳ ነበር። በሴፕቴምበር 2020 ማዕረጋቸው ተመልሶ «ማናጀር» ሆነ። ሁለት ዓመት በተከታታይ 8ኛ ሆነው ሲጨርሱ ክለቡ ታገሣቸው፤ ከ2023 እስከ 2025 ደግሞ ሦስት ጊዜ ተከታትለው 2ኛ ወጡ።

«የቤት ልጅ» ወይስ እንግዳ?

ደጋፊ ብዙ ጊዜ የሚያጨው የቀድሞ ኮከቡን ነው። ሊቨርፑል ላይ ይህ በደንብ ታይቷል። የርገን ክሎፕ ጃንዋሪ 26 ቀን 2024 እንደሚለቁ ሲናገሩ አብዛኛው ደጋፊ የጠራው ስም ዣቢ አሎንሶ ነበር፤ የቀድሞ አማካያቸው፣ ያኔ ከሌቨርኩሰን ጋር ሳይሸነፉ የጀርመንን ሊግ እየመሩ የነበሩ። አሎንሶ ማርች መጨረሻ ላይ «ከሌቨርኩሰን አልሄድም» አሉ። ክለቡ ግን አልደነገጠም፤ የእግር ኳስ ኃላፊዎቹን ማይክል ኤድዋርድስንና ሪቻርድ ሂዩዝን አስቀድሞ ለምርጫው አዘጋጅቶ ነበርና። እነሱ ያመጡት ብዙ ደጋፊ ከዚያ በፊት ስማቸውን አንስቶ የማያውቀውን የፌየኖርዱን አርነ ስሎትን ነው። በዚያ ክረምት ለዋናው ቡድን የተጨመረው ፌዴሪኮ ኬዛ ብቻ ነበር። ስሎት ያንኑ የክሎፕ ቡድን ይዘው ኤፕሪል 27 ቀን 2025፣ 4 ጨዋታ እየቀራቸው፣ ሻምፒዮን ሆኑ። በቀጣዩ መኸር ሊቨርፑል በሊጉ 4 ጊዜ በተከታታይ መሸነፉም መረሳት የለበትም፤ የመተካካት ፈተና ባንድ ዋንጫ አይዘጋም።

«የቤት ልጅ» ሲሳካ ደግሞ የሚያሳካው ዝናው ላይሆን ይችላል። ቢል ሻንክሊ በ1974 ሲለቁ የተተኩት በምክትላቸው በቦብ ፔይስሊ ነው። ፔይስሊ ሊቨርፑል የገቡት በ1939 ነበር፤ ተጫዋች ሆነው፣ ከዚያም በልምምድ ሜዳና በሕክምና ክፍል ሠርተው የቤቱን ጓዳ ሁሉ አወቁት። በ9 ዓመት 6 የሊግና 3 የአውሮፓ ሻምፒዮና ዋንጫ አመጡ።

ከማን ጋር ነው የምናነጻጽረው?

በዲሴምበር 1989 አንድ የዩናይትድ ደጋፊ ፈርጉሰን ሦስት ዓመት ሰበብ ብቻ አመጡ የሚል ጨርቅ ይዞ ስታዲየም ገባ። ፈርጉሰን በዩናይትድ የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ያገኙት ከወራት በኋላ፣ በ1990 ነው፤ በዚያው ክለብ የመጀመሪያ የሊግ ዋንጫቸውን ደግሞ በ1993። ሞይስ የተመዘኑት ግን ሁሉን ከጨረሱት ፈርጉሰን ጋር ነበር፤ ከጀማሪው ፈርጉሰን ጋር ማንም አላስተያያቸውም። ጊዜ ቢሰጣቸው ይሳካላቸው ነበር ማለት አይደለም፤ ሚዛኑ ግን ከመጀመሪያው አጋድሎ ነበር።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ የአንድ አንጋፋ አሰልጣኝ ስንብት ሲወራና ስም መደርደር ሲጀመር፣ አራት ነገር እንጠይቅ። ሰውየው ከአሰላለፍ ሌላ ምን ምን ይሠሩ ነበር? ያንን ከነገ ጀምሮ ማን ይሠራዋል? የሚመርጡት ሰዎች ከተመረጠው ጋር ይቆያሉ ወይ? ቡድኑ ወጣት ነው ወይስ ያረጀ? ለእነዚህ መልስ ከተገኘ ግማሹ ስም በራሱ ጊዜ ከዝርዝሩ ይወጣል። በቀረው ግማሽ ላይ ዲኤስቲቪ ቤቱ ለሁለት ቢከፈል ደግ፤ እሱማ የጨዋታው አንድ ክፍል ነው።