አባት አገርና ቅዱስ አገር፦ ከአሽዶድ የታየ የብሔር ጥያቄ

ሕንዳዊው ቪናያክ ሳቫርካር በ1923 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) «ሂንዱ ማን ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ ሕንድን አባት አገሩም ቅዱስ አገሩም ያደረገ ሰው ነው ሲል መለሰ። በዚህ መለኪያ እዚያው ተወልዶ ወደ መካ የሚሰግድ ወይም ኢየሩሳሌምን የሚሳለም ሰው ለብሔሩ ጎዶሎ ሆነ።

አባት አገራቸውና ቅዱስ አገራቸው የተለያዩባቸው ሁለት ማኅበረሰቦች በ1956 በተቆረቆረችው የእስራኤል የወደብ ከተማ፣ በአሽዶድ ይኖራሉ፦ ከሕንዷ ማሃራሽትራ የመጡት ቤኔ እስራኤልና ከጎንደርና ከትግራይ የመጡት ቤተ እስራኤል። ቅዱስ አገራቸው ገብተውም «በእርግጥ የእኛ ናችሁ?» ተባሉ።

መጀመሪያ የተጠየቀው ዘር ነበር። በ1960ዎቹ መባቻ ረቢዎች ቤኔ እስራኤልን ለማጋባት የትውልድ ሐረጋቸው ይመርመር አሉ። ማኅበረሰቡ ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጣ፤ በነሐሴ 1964 ፓርላማው በሁሉም ረገድ አይሁድ መሆናቸውን አረጋገጠ።

ቤተ እስራኤልም ያንኑ መንገድ ሄዱ። በ1973 የሴፋርዲም ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድነታቸውን አወጁ፤ በ1975 አይሁድ እስራኤል ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ደረሰላቸው። ሆኖም እስራኤል ባካሄደችው ዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል የደረሱት፣ በመንገድ ብዙ ዘመድ ቀብረው፣ ለጋብቻ በውኃ የመንጻት ሥርዓት ፈጽሙ ተባሉ። በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ለሳምንታት ተቃውመዋል።

በ1991 ዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎችን ከኢትዮጵያ በ36 ሰዓት አመጣ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው መልኩን ለወጠ፤ የ2015ና የ2019 ወጣቶች አደባባይ የወጡት አይሁድነታቸውን ሊያስመሰክሩ ሳይሆን በፖሊስ ፊት እኩል ዜጋ ለመሆን ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2008፣ የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ የመንግሥት በዓል ሆኗል።

ሕንድ በበኩሏ በ2019 የዜግነት ሕጓን አሻሽላ ከሦስት ጎረቤት አገሮች ለተሰደዱ ሂንዱዎችና ለሌሎች አምስት እምነቶች ተከታዮች በር ስትከፍት ሙስሊሞችን ከዝርዝሩ አስቀረች። የሳቫርካር መለኪያ አልሞተም።

በስግድ ቀን የቤተ እስራኤል ቄሶች ከሚያነቧቸው መጻሕፍት አንዱ ነህምያ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ምዕራፍ 13 ነህምያ ልጆች የጥንቷን አሽዶድ ቋንቋ እየተናገሩ የአይሁድን አለማወቃቸው አንገብግቦታል። የዛሬው የአሽዶድ ልጅ ዕብራይስጡን ያንበለብለዋል፤ የሚጠፋበት የአያቱ አማርኛ ወይም ትግርኛ ነው። ቅዱስ አገርን ለማግኘት የአባት አገርን ቋንቋ መክፈል አይገባም። ብሔር የሚሰፋው ልጁ ሁለቱንም ይዞ ሲያድግ ነው፤ አያቱም በገዛ ቤቷ አስተርጓሚ ሳያስፈልጋት ልጁን ስትመርቀው።